ሆደ ቡቡ እንደነበረ ንገሩ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 33፣ ሥራዬ ባጃጅ መንዳት ነው። ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ስህተት ቢኖርበት ይለፉኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛ ነበረኝ። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ አጥራችን አንድ ነበር። እንጨት ሠራተኛ ነው፣ በርጩማ ይጠርባል። አምና ነሐሴ ውስጥ ከባድ ዝናብ ጥሎ አዌቱ ሞላ። ሁለት የሰፈራችን ልጆች፣ እህትና ወንድም፣ በእንጨት መሻገሪያው ሲያልፉ ውሃው ወሰዳቸው። እኛ ባጃጁን አቁመን ዳር ላይ ነበርን። ጓደኛዬ ጫማውን ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ፈራሁ እኮ» አለኝ። ከዚያ ስልኩንና ከጆሮው ጀርባ የማትለየውን እርሳስ «ያዝልኝ» ብሎ ሰጠኝና ገባ። ልጅቷን አወጣት። ተመልሶ ገብቶ ልጁን ከአንድ የዛፍ ሥር ጋር አጣብቆ ያዘው። ሰዎች ደርሰው ልጁን ሲጎትቱት እሱን ውሃው ወሰደው። ያገኘነው በማግስቱ ነው። እኔ ዋና አልችልም። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ዓመቱ እየደረሰ ነው። የሰፈሩ ልጆች ፎቶውን አሳትመው «የጅማው አንበሳ» የሚል ባነር ሊሰቅሉ ነው። ታሪኩም ላይ እየጨመሩበት ነው። እየሳቀ ዘሎ ገባ፣ ፍርሃት የሚባል አያውቅም፣ ሲጣላ ሦስት ሰው ይጥል ነበር ይላሉ። እትዬ፣ እሱ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም። ዶሮ እንኳ ማረድ አይችልም፤ እናቱ ጎረቤት ጠርተው ነው የሚያሳርዱት። እኛው ራሳችን «ሆደ ቡቡ» እያልን እናሾፍበት ነበር። ባነሩን ሳየው የማላውቀው ሰው ይሆንብኛል። ግን «ፈራሁ ብሎ ነበር» ብል ስሙን የማጎድፍ እየመሰለኝ ዝም አልኩ።

ሌላው፣ ክርስቲያን ጓደኞቹ ተሰብስበን ሙት ዓመት እናውጣለት ስንል አጎቱ «በእኛ ዘንድ ይህ የለም» አሉን። ቅር ብሎን ተመለስን። እናቱን ከጠየቅኩም ወራት አልፈዋል። መጨረሻ የሄድኩ ቀን እሱ የጠረበውን፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን በርጩማ አምጥተው «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። አቃተኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ስልኩን ያኔውኑ መልሻለሁ፤ እርሳሷን ግን ደብቄ አስቀርቻለሁ።

የዳነው ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ሰው ሲያየው «ይሄ ነው እኮ ያስገደለው» ይላል። ልጁም ከሰው መሸሽ ጀምሯል። ምን ላድርግ?

ባለባጃጁ፣ ከጅማ»

መልስ

ወንድሜ፣

አላህ ይርሐመው። ለእናቱም ለአንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ «ፈራሁ እኮ» የሚለው ላይ በደረስኩ ቁጥር ወረቀቱን አስቀምጬ ተነስቻለሁ። እኔም ያደግኩት ጅማ ነው። አዌቱ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥን የምንሻገረው ወንዝ ነው፤ በክረምት ደግሞ ቀይ አፈር ተሸክሞ፣ ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ ያው ወንዝ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። የቆምክበትን ቦታ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ብዙ ነገር ጠይቀኸኛል። አንተ ልጁን መጨረሻ ላይ አደረግከው፤ እኔ ግን ከእሱ ልጀምር። ጓደኛህን የማስታወስ ጉዳይ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ምንም አይሆንም። የ9 ዓመት ልጅ ግን በየቀኑ እየሰማ ነው።

«ያስገደለው» የሚለው ቃል መቆም ያለበት ዛሬ ነው። የሚናገሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ሐዘን መውጫ ሲያጣ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ወንዝ አይከሰስ፣ ዝናብ አይከሰስ፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ቆሟል። ልጅ ግን ይህን ሁሉ አይመረምርም። የሰማውን እንዳለ ይወስደዋል። ጓደኛህ አንዴ ከውሃው አውጥቶታል፣ ሰፈሩ ግን በየቀኑ በምላሱ መልሶ ይከተዋል። የመጨረሻውን ደቂቃ ያየኸው አንተ ነህና ቃልህ ይሰማል። ከእንግዲህ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ብትሰማ፣ ባጃጅህ ውስጥ የተሳፈረ መንገደኛም ቢሆን፣ ረጋ ብለህ «አላስገደለውም፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጓደኛዬ አይቶ፣ ወስኖ ነው የገባው» በለው። መቆጣት አያስፈልግህም። አሥር ሰው ይህን ከአፍህ ከሰማ ሌላው በራሱ ይሰራጫል፤ የጅማን ሰፈር ታውቀዋለህ።

ለልጁም ንገረው። ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲያናግሩት ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሆን ይከፈታል። እናቱን አስፈቅደህ ባጃጅህ ላይ ይዘኸው ውጣ፤ ጅሬን ድረስ ወስደህ ከላይ ከተማውን አሳየው። በመሃል ባጭሩ፣ «አንተ ምንም አላጠፋህም። ውሃ ሞልቶ ነበር። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ እንድትወጡ ስለፈለገ ገባ» በለው። ዝም ቢልህ አትጎትጉተው፤ ሌላ ቀን ድገምለት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ለእሱ ስትል አንደኛ ውጣ»፣ «አንተ የምትኖረው የሁለት ሰው ዕድሜ ነው» የሚሉትን አትበለው። ሰዎች መልካም አስበው ይሉታል። ልጁ ግን የሞተ ሰው ዕዳ ተሸክሞ ያድጋል፤ ፈተና በወደቀ ቁጥር የወደቀው በራሱ ሳይሆን በጓደኛህ ላይ ይመስለዋል። እንደማንኛውም ልጅ እንዲረብሽ፣ እንዲሰንፍ፣ ኳስ እንዲመታ ተዉት።

ሌሊት የሚባንን፣ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል፣ ዝናብ ሲጥል የሚሸበር ከሆነ ደግሞ እናቱ ብቻዋን አትታገለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። «እብድ አይደለም እኮ» የሚል ዘመድ ይኖራል፤ እጁ የተሰበረ ልጅ ወጌሻ ዘንድ ሲሄድ ማንም አያፍርም በሉት። እህቱንም አትርሷት። በደብዳቤህ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሳችው። እሷም እዚያው ውሃ ውስጥ ነበረች፤ ዝም ያለች ልጅ ደህና ናት ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ባነሩ ልምጣ።

አክስቴ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ቤት ስትጠራ ወዲያው ሙሾ አታወርድም። መጀመሪያ ጓዳ ትገባና ጎረቤቶቹን ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር? በምን ይስቅ ነበር? ለማን ምን አደረገ? አንዱ «ጀግና ነበር» ሲላት «እሱማ ለሁሉም ይባላል፣ የሱን ንገሩኝ» ትላለች። ከዚያ ወጥታ ስታወርደው፣ ሰውየው ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱን እንዴት አድርጎ እንደሚጠራ፣ ጋቢውን እንዴት እንደሚያጣፋ ሳይቀር ታነሳለች፤ ሰው የሚያለቅሰው ያኔ ነው። «አንበሳ» ብትል ኖሮ ማንም ደረቱን አይመታም፤ አንበሳ ያጣ ሰው እዚያ ቤት አልነበረማ።

ልጆቹን ግን አትፍረድባቸው። የወሰዱት ቃል ቋንቋችን ራሱ ያቀበላቸው ነው። ፎከራችንን አስበው፤ ዘራፍ ያለ ሰው የሚቆጥረው የጣለውን ነው። «ገዳይ» የሚለው ቃል ሌላ ቦታ የወንጀል ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ለስንት ዘመን የሙገሳ ስም ሆኖ ተዘፍኗል። ለገደለ ሰው አንበሳ አለን፣ ነብር አለን፣ ጎፈር አለን። ላዳነ ሰው ግን ቃላችን ቁጥቁጥ ነው። ስለዚህ አንድ ለስላሳ ሰው ሕይወት አድኖ ሲሞት የሰፈሩ ልጆች ያወቁትን ብቸኛ ልብስ አለበሱት፤ አልበቃው ሲልም ተጣልቶ የማያውቀውን ሰው ሦስት ሰው አስጣሉት። ይህን የምልህ ቂም እንዳትይዝባቸው ነው። እነሱም የሚወዱትን ሰው ከፍ ማድረግ ነው የፈለጉት።

ልጁን ይዘህ ጅሬን ስትወጣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ትደርሳለህ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። የምኒልክ ጦር በየአቅጣጫው በሚዘምትበት ዘመን፣ እናታቸው ጉሚቲ መክረዋቸው ሳይዋጉ ለመገበር ተስማሙ፤ ጅማም ከጦርነት ተርፋ ለብዙ ዓመታት የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። ሥራቸውን ሁሉ አጸድቃለሁ ማለቴ አይደለም። ግን የኛ ከተማ ከሁሉ አልቆ የሚያስታውሰው ንጉሥ፣ እናቱን ሰምቶ ደም ሳያፈስ በማለፉ የሚመሰገን ሰው መሆኑን ለሰፈር ልጆች ንገርልኝ። ልስላሴ ለጅማ ልጅ ነውር ሊሆን አይገባም።

እና «ፈራሁ እኮ» ያለውን ልናገር ወይ ስትል ጠይቀኸኛል። ተናገር። እኔ ስለ ጓደኛህ ምንም አላውቅም ነበር። የጻፍክልኝ ያቺ አንዲት ቃልና የሚንቀጠቀጠው እጁ ናቸው ሰው ያደረጉልኝ። እየሳቀ የዘለለው ሰው ምን እንዳለበት አላወቀም ይሆናል። ያንተ ጓደኛ ግን አውቋል። ውሃውን አይቷል፣ ፈርቷል፣ ጫማውን ፈትቷል። ልጅቷን አውጥቶ ዳር ላይ በቆመ ጊዜ ደግሞ ውሃው ምን ያህል እንደሚጎትት በገላው ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ተመለሰ። ይህን ከአንበሳ ጋር የሚያገናኘው ምንድነው?

ደግሞ ተመልከት፤ የገባው በሆደ ቡቡነቱ ነው። ዶሮ ስትንፈራገጥ ማየት የማይችል ሰው ሁለት ልጆች ውሃ ውስጥ ሲንፈራገጡ እያየ እንዴት ይቆማል? እናንተ ስታሾፉበት የኖራችሁበት ያ ጠባይ ነው ያን ቀን እግሩን ያንቀሳቀሰው። ስለዚህ ባነሩ ላይ የሚጻፍ ነገር ከጠፋ «ሆደ ቡቡው» ብላችሁ ጻፉበት ብል አታፍሩ። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥለው ዝም ይላሉ። እናቱ ካልወደዱት ግን ቃሉ ይቅር፤ በስሙ ላይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ባነሩን ከማሳተማችሁ በፊት ጠይቋቸው። በደብዳቤህ ውስጥ ማንም የጠየቃቸው አልመሰለኝም።

ታሪኩ በትክክል ይነገር የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህኛው ያስፈራኛል። የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች «እየሳቀ ዘሎ ገባ» የሚለውን እየሰሙ ነው። ነገ ውሃ ሲሞላ አንዱ እየሳቀ ይዘላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከነዚህ መካከል ሊያድን ገብቶ የቀረ ብዙ ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ይይዛል፤ ዋናተኛውንም ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በየአገሩ ሰው የማዳን ትምህርት የሚጀምረው «መጀመሪያ አትግባ» ብሎ ነው፤ እንጨት አቀብል፣ ገመድ ወርውር፣ የሚንሳፈፍ ነገር ስጥ፣ ሰው ጥራ ይላል። ይህን ስል ጓደኛህ ተሳሳተ እያልኩ አይደለም። ገመድ አልነበረውም፣ ጊዜም አልነበረውም፣ ልጆቹም ለመያዝ አቅም ያላቸው አልነበሩም። ለቀጣዩ ሰው ግን ገመድ ሊኖረው ይችላል።

ስለ ሙት ዓመቱ ያለኝ ሐሳብም ከዚህ ነው የሚመጣው። አጎቱ «የለም» ሲሉህ አንተን ማራቃቸው አይደለም፤ ቅር አይበልህ። እናንተ ዘንድ ተዝካር አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ እነሱ ዘንድ የሐዘን ሥርዓቱ ሌላ ነው፣ ቀን ተቆጥሮ ድንኳን እንዲተከል የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው። የሞተው የእነሱ ልጅ ነውና በእነሱ ሥርዓት ይታሰብ። አንተ በራስህ እምነት በልብህ ጸልይለት፤ ማንም አይከለክልህም። ሰፈራችሁ ያሉ ሼህ ዘንድ ብትሄድ ግን ሁለት ነገር ይነግሩሃል። አንደኛው፣ ሰጥሞ የሞተ ሰው ከሸሂዶች፣ ማለትም ከሰማዕታት፣ እንደሚቆጠር ነው። ይህን ከሼሁ አፍ ስማው፤ ለእናቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያኔ ይገባሃል። ሁለተኛው ሶደቃ ጃሪያ የሚሉት ነው፤ ሰውየው ከሞተ በኋላም ሰው የሚጠቀምበት፣ ምንዳው የማይቋረጥ መልካም ሥራ። ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት፣ ዛፍ መትከል፣ የሚጠቅም እውቀት ማስተማር ከዚህ ይቆጠራል።

እንግዲህ ለድንኳንና ለባነር ያዋጣችሁትን ገንዘብ ይዛችሁ አጎቱ ዘንድ ተመለሱ። «በስሙ ሶደቃ ጃሪያ ልናደርግ ነው፣ ይምሩን» በሏቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። በመሻገሪያው ግራና ቀኝ ጠንካራ ምሰሶ ትከሉ። በእያንዳንዱ ላይ ረጅም የናይለን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ክዳኑ በደንብ የተጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን እሰሩና ስቀሉ። ባዶ ጀሪካን ትልቅ ሰው ይዞት ቢንሳፈፍበት አይሰጥምም። ገመዱ አንዱ ጫፍ ምሰሶው ላይ መታሰሩን እርግጠኛ ሁኑ፤ የሚጎትተው ሰው እጁ ላይ ጠምጥሞ እንዳይወሰድ። «ጀሪካኑን ይሰርቁታል» የሚል አይጠፋም። ይሰርቁት ይሆናል፤ ሲሰረቅ ሌላ ስቀሉ፤ እድሩ በየወሩ ስብሰባው ላይ «ገመዱ አለ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አድርጉ። መሻገሪያውም እጅ መደገፊያ ከሌለው እሱ ይቅደም። የእንጨት ሠራተኛ ጓደኞች አሉት አይደል? የሱ ሙያ ነበር፤ በሱ ስም አንድ ቀን ቢሠሩለት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ጁላይ 25 ቀን በዓለም ዙሪያ ሰው ሰጥሞ እንዳይሞት የሚታሰብበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18፣ ልክ ውሃው መሙላት የሚጀምርበት ወቅት። ያን ቀን የሰፈሩን ልጆች ወንዝ ዳር ሰብስባችሁ ጀሪካን መወርወር አለማምዷቸው። ልጅ ይህን ይወዳል፣ ውድድር አድርጉት። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ፣ 15 ሳንቲሜትር የማይሞላ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው እግር ሊያስከዳ እንደሚችል ንገሯቸው። የጓደኛህንም ታሪክ ያኔ ንገራቸው፤ ፈርቶ እንደነበር፣ ገመድ እንዳልነበረው። የዳነው ልጅ ሊመጣ ከፈለገ ይምጣ፤ ፊት አውጥታችሁ ግን «እሱ ነው» ብላችሁ እንዳታሳዩት።

ስለ ራስህ የጻፍከው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ» ብለህ አለፍከው። እኔ ግን አላለፍኩትም።

ጓደኛህ ዋና እንደማትችል ያውቅ ነበር። አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ስለዚህ «ና» አላለህም፤ «ያዝልኝ» አለህ። ብትገባ ኖሮ የሚያወጣው ሁለት ልጅ ሳይሆን ሁለት ልጅና አንድ ጓደኛ ይሆንበት ነበር፤ ማንን እንደሚመርጥ እዚያ ውሃ መሃል ሆኖ እንዲወስን ታስገድደው ነበር። በዚያ ፍጥነት በሚሄድ ውሃ ውስጥ መዋኘት የማይችል ሰው ሁለተኛ እርምጃ አይራመድም። ይህን በአእምሮህ ታውቀዋለህ፤ ሌሊት ሲሆን ግን እግርህ ዳር ላይ ተተክሎ እንደሚታይህ እገምታለሁ። ለቀረ ሰው የሚደርስ ነው፤ በጥፋተኛ ላይ ብቻ አይደርስም። ሆኖም እንቅልፍ ካጣህ፣ አዌቱን ላለማየት መንገድ ዞረህ የምትነዳ ከሆነ፣ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ከቆየ፣ ለልጁ የነገርኩህ ሕክምና ለአንተም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ6 ወር በላይ ሰውን ከሥራውና ከኑሮው ያስተጓጎለ ከባድ ሐዘን እርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስፍሯል። ወንድ ልጅ አይታከምም የሚል ካለ ወደ እኔ ላከው።

የቀሩት እናቱ ናቸው።

ወራት ሙሉ ያልሄድከው እሳቸው የሚወቅሱህ እየመሰለህ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጃቸው በወጣበት ቀን አብሮት የነበረ ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ። ሥራ አለብኝ ብለህ ስትወጣ ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ከቤት ሸኙት። ለቅሶ ቤት የሚሞላው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ቡናው የሚፈላው፣ ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ጎረቤት የሚያድረው ያኔ ነው። ዓመት ሲጠጋ የሚመጣ ሰው የለም። እናት የልጇን ስም የምታነሳበት ሰው ታጣለች፤ ጎረቤቱ «እንዳላስለቅሳት» እያለ ስሙን ይሸሻል። አንተ ስሙን ጥራላቸው። ያለቅሳሉ፣ ይልቀሱ። እንዲያውም እሳቸው የማያውቁትን ንገሯቸው፤ እናንተ ጓደኛሞች የሆናችሁትን፣ በረመዳን ቴምር ይዞላችሁ የመጣበትን፣ የተሰነጠቀ በርጩማ አልሸጥም ብሎ ከገዢ የተከራከረበትን፣ ካለ ማለቴ ነው፤ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ለእናት ስለ ልጇ አዲስ ነገር መስማት ማለት አንድ ቀን ተጨምሮለት ኖረ ማለት ነው።

«ፈራሁ እኮ» ያለውን ግን በመጀመሪያው ቀን አትንገራቸው። ሲጠይቁህ ንገራቸው። ይጠይቁሃል፤ እናት «የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» ሳትል አትቀርም። ያኔ ሳትቀንስም ሳትጨምርም እንዳለ ስጣቸው። ልጃቸው ነው፣ ሆዱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እንደፈራ ሲሰሙ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ እንግዳ የሚሆንባቸው አንበሳው ነው።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ ግርግር ይሆንብሃል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሂድ። ባጃጁን ራቅ አድርገህ አቁመው፣ ደንበኛ ጠራኝ የምትልበት ሰበብ እንዳይኖርህ። ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ። እርሳሷንም ይዘህ ሂድ። መደበቅህን ሳትደብቅ «ለእኔ ያስያዘኝ ነው፣ ለመመለስ አቅቶኝ ነው» በላቸው። ወስደው መሶባቸው ላይ ቢያስቀምጡት መልካም ነው። መልሰው ቢሰጡህ ያንተ ናት፤ ከዚያ በኋላ «ሰረቅካት» የሚልህ ማንም የለም፣ አንተም ራስህ።

ከዚያ እንደ ባለፈው በርጩማውን አምጥተው «ተቀመጥ ልጄ» ይሉሃል። ተቀመጥበት።